ኃይሌ ሩጫ ያቆመባት ሳምንት

ባለፈው ሐሙስ ከ10ኛ ክፍል የታሪክ ክፍለ ጊዜ በኋላ አንዲት ተማሪዬ ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥታ ቆመች። ጠዋት ጠዋት ከሰፈሯ ልጆች ጋር ወደ እንጦጦ ጫካ እየወጡ ከሚሮጡት አንዷ ናት። እኛ የካ ውስጥ የምናስተምር መምህራን እንደሷ ያሉ ልጆች እናውቃለን፤ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ፊታቸውን ታጥበው፣ ዓይናቸው ግን እንቅልፍ እንቅልፍ እያለ የሚቀመጡት ናቸው። እግሯን አሟት ሐኪም ሦስት ወር እንዳትሮጥ ከልክሏታል። የመጣችው ግን ስለ እግሯ ልታወራኝ አልነበረም።

"ቲቸር፣ ሰፈር ውስጥ መውጣት አስጠልቶኛል" አለችኝ። "ሱቅ ስሄድ፣ ወፍጮ ቤት ስሄድ፣ ሰው ሁሉ 'አቆምሽ አሉ?' ይለኛል። ዕረፍት ላይ ነኝ ስላቸው ይስቃሉ። ቆይ ግን፣ አርፎ የተመለሰ ሯጭ የለም እንዴ?"

ደወል ተደውሎ ስለነበር "አለ፤ ሰኞ እነግርሻለሁ" ብዬ ሸኘኋት። ቅዳሜና እሁድን ግን ይኸው ጥያቄ ይዞኝ ዋለ። የሷ መልስ ቀላል ነው። እኔን የያዘኝ የሰፈሩ ሰው ነገር ነው። ሯጭ አረፍ ሲል እኛን ምን ይነካናል? ይህን ሳስብ በ2003 ዓ.ም. ያየሁት ነገር ትዝ አለኝ። ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ሻያችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ሰኞ ጥቅምት 29 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። ያኔ የዲፕሎማ ተማሪ ነኝ። ከካራ ወደ መገናኛ በሚወርድ ሚኒባስ የመጨረሻው ወንበር ላይ አራተኛ ሆኜ ተጠቅጥቄያለሁ። ሬዲዮኑ ይንጫጫል እንጂ አይሰማም። ኮተቤ 02 አካባቢ ስንደርስ ወያላው ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ ወደ ውስጥ ዞረና "ኃይሌ አረፈ!" አለ።

አማርኛችን እንዲህ ነው። ሰው ከሥራ ሲያርፍ አረፈ ነው፣ ሲሞትም አረፈ ነው። ከፊት ለፊቴ ነጠላ ያጣፉ እናት ተቀምጠዋል፤ ደረታቸውን መትተው "ወይኔ ልጄን!" አሉ። ታክሲው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ድርቅ አለ። ሾፌሩ ዳር ሊይዝ መሪውን ሲጠመዝዝ ወያላው ራሱ ደንግጦ "ኧረ ከሩጫ ነው እማማ! ሩጫ አቆመ ማለቴ ነው!" ብሎ ጮኸ። ሳቅ ሆነ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ነጠላቸውን አስተካክለው ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ "ታዲያ ካልሮጠ ምን ሊሠራ ነው?" አሉ። አንዱ ጎረምሳ "ሕንፃ አለው፣ ሆቴል አለው፣ አያስቡ እማማ" አላቸው።

"እሱማ አለው። እኛስ?" አሉ።

ነገሩ የሆነው በዋዜማው እሁድ፣ ጥቅምት 28 ቀን ኒውዮርክ ላይ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ 37 ዓመቱ ነው። በመስከረም 18 ቀን 2001 ዓ.ም. በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሮጦ ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆኗል፤ ክብረ ወሰኑ በዚያች እሁድም የሱ ነው። የኒውዮርክን ማራቶን ሲሮጥ ግን ያ የመጀመሪያው ነበር። ጉልበቱን አሞት ስለነበር ከውድድሩ በፊት ምርመራ ተደርጎለት ጅማቱ መቆጣቱና ውስጡም ውኃ መቋጠሩ ታይቷል። ቢሆንም ተሰለፈ። 26ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ኩዊንስቦሮ የሚባለው ድልድይ ላይ ሲደርሱ ቆመ። ከዚያ ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ፣ እያለቀሰ፣ ሩጫ ማቆሙን፣ ለወጣቶቹ መልቀቅ እንዳለበት ተናገረ። በአንድ ቀን ውስጥ ከሯጮች ሁሉ ፈጣኑ ሆኖ ተነስቶ የቀድሞ ሯጭ ሆኖ አመሸ።

የኔ ዕድሜ እኩዮች ይህ ለምን እንደከበደን ታውቃላችሁ። እኔ የተወለድኩት በ1981 ነው። ኃይሌ ሽቱትጋርት ላይ የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ በ10 ሺህ ሜትር ሲወስድ፣ በ1985፣ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አትላንታን በትንሹ አስታውሳለሁ። ሲድኒን ግን እንደ ትናንት ነው የማየው፤ መስከረም 15 ቀን 1993፣ የደመራ ዋዜማ። ሰፈራችን ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት ነበር፣ በሩ ላይ ተጋፍተን ቆመናል። ፖል ቴርጋት በመጨረሻው ዙር አምልጦ ሲወጣ የቤቱ ጌታ ተነስተው ሊወጡ ነበር። በ9 መቶኛ ሰከንድ! ከዚያ በኋላ የሆነውን ጩኸት አልነግራችሁም። በማግስቱ ደመራው ዙሪያ ስንጨፍር ከመስቀሉ ዘፈን እኩል ስሙ ይጠራ ነበር።

አገሩ ባለፉት ዓመታት ድርቅ አይቷል፣ ጦርነት አይቷል፣ ምርጫ አይቷል። ኃይሌ ግን ነበረ። ለዚህ ነው "እኛስ?" ያሉት እናት ያልሳቁት።

የዚያን ሳምንት ወሬ በደንብ አስታውሳለሁ፤ ሻይ ቤት ሁለት ቦታ ተከፈለ። አንዱ ወገን "ይረፍበት እንጂ፣ ከዚህ በላይ ምን ያምጣ?" ይላል። ሌላው ወገን፣ እኔም ከነሱ ነበርኩ፣ "ማን አሰናበተው?" ይላል። የምር እኮ ነው የምላችሁ፣ ተቆጥተን ነበር። እንግዳ እንኳ ከቤት ሲወጣ ቆሞ ይሰናበታል፣ የቤቱ ሰው "ቆይ እንጂ፣ ተቀመጥ" ይለዋል፣ ሁለቴ ሦስቴ ከተለመነ በኋላ ነው የሚወጣው። እሱ ግን ባሕር ማዶ፣ በእንግሊዝኛ፣ ለፈረንጅ ጋዜጠኞች ተናግሮ ወጣ፤ "ተቀመጥ" የምንልበት ጊዜ አልሰጠንም። አሁን ሳስበው ግፍ ነበር። ሰውየው ጉልበቱ አብጦ፣ ውድድር አቋርጦ፣ የጠየቁትን መለሰ፤ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ነው የተናገረው። እኛ ግን አካሄዱን አየን እንጂ ጉልበቱን አላየንም።

በዚያች ሳምንት ሌላም ጥፋት ሠርተናል። በዚያችው እሁድ፣ በዚያው የኒውዮርክ ጎዳና ላይ፣ አንድ ኢትዮጵያዊ አንደኛ ወጥቷል። ገብረእግዚአብሔር ገብረማርያም ይባላል። የሕይወቱ የመጀመሪያ ማራቶን ነው፤ 2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ። አሸናፊው ኢትዮጵያዊ፣ በመጀመሪያ ሙከራው፣ ከዓለም ታላላቅ የጎዳና ውድድሮች በአንዱ ላይ! ያኔ ታክሲ ውስጥም ሆነ ሻይ ቤት ስሙን ያነሳ ሰው አልሰማሁም። ኃይሌ ለወጣቶቹ ልልቀቅ አለ፤ ወጣቱ ደግሞ እዚያው አጠገቡ አሸንፎ ቆሞ ነበር፤ እኛ ዞር ብለንም አላየነውም። ዘንድሮ ሦስት ክፍል ውስጥ ጠየቅሁ። የሚያውቅ ተማሪ አላገኘሁም።

ይህ ጠባያችን ከኃይሌ የጀመረ አይደለም። አበበ ቢቂላ በ1961 ሜክሲኮ ላይ እግሩን ታሞ 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲያቋርጥ ማሞ ወልዴ ወርቁን ይዞ ገባ፤ ዛሬም ብዙ ሰው ስለ ሜክሲኮ ሲያወራ የሚጀምረው ከአበበ መቅረት እንጂ ከማሞ ማሸነፍ አይደለም። በዚያው ዓመት አበበ በመኪና አደጋ እግሩ ሽባ ሆነ። እሱ ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ እንግሊዝ አገር ቀስት ውርወራ ተወዳደረ፣ ኖርዌይ ሄዶ ውሻ በሚጎትተው የበረዶ ሸርተቴ እሽቅድምድም አሸነፈ። የሮምና የቶኪዮው ጀግና፣ በበረዶ ላይ! ይህን ታሪክ ክፍል ውስጥ ስነግር ልጆቹ ቀልድ ይመስላቸዋል። እኛ የምናስታውሰው ባዶ እግሩን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ዕድሜ ከታሪኩ ቆርጠን ጥለነዋል። ጥቅምት 1966 በ41 ዓመቱ ሲሞት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ቀብሩ ላይ ተገኙ፣ አገር አለቀሰ።

በደርግ ጊዜ ደግሞ ዕረፍቱን የሚወስነው ሯጩም ሐኪሙም አልነበረም። በ1968 ሞንትሪያል፣ በ1976 ሎስ አንጀለስ፣ በ1981 ሴኡል፤ ሦስቱም ኦሊምፒኮች ላይ ኢትዮጵያ አልተካፈለችም። ምሩጽ ይፍጠር ሞንትሪያልን አልፎ ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ እስኪያመጣ አራት ዓመት ጠበቀ። በላይነህ ዴንሳሞ በሚያዝያ 1980 ሮተርዳም ላይ 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ከወራት በኋላ ሴኡል ላይ ማራቶን ሲሮጥ የዓለም ፈጣኑ ሰው ቤቱ ነበር። ያ ክብረ ወሰን አሥር ዓመት ቆሟል። እስቲ አስቡት፣ ያኔ "እኛስ?" ያለ ደጋፊ አለ? ቢልስ ለማን ይላል? ምናልባት ኃይሌ ላይ እንዲያ የጮኽነው ከብዙ ዝምታ በኋላ ስለሆነ ይሆናል። ይህ ግምቴ ነው፣ ፈተና ላይ አልጠይቅም።

ወደዚያች ሳምንት ልመለስ። ሰኞ ከዋለ፣ ሳምንት ገደማ ቆይቶ ኃይሌ ሐሳቡን ቀየረ። የኒውዮርኩ ውሳኔ የስሜት እንደነበር፣ ሩጫ ደሙ ውስጥ እንዳለ በትዊተር ጻፈ። እኛ ሰፈር ያኔ ትዊተር ያለው ሰው ስለሌለ በኤፍኤም ነው የሰማነው። ዶርም ውስጥ ጨፈርን። አንዱ ጓደኛችን "ለመንነው፣ ተመለሰ" አለ፤ ማንም "መቼ ለመንነው? እንዴት ሰማን?" ብሎ አልጠየቀም። በዚያው ኅዳር 10ኛው ታላቁ ሩጫ ሲካሄድ፣ እሱ ራሱ በ1994 የመጀመሪያውን አሸንፎ የጀመረው ሩጫ ማለት ነው፣ አዲስ አበባ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆና ሮጠች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን በቅደም ተከተል ስናየው ደስታችን ይቀዘቅዛል። በየካቲት ቶኪዮ ላይ ሊሮጥ የነበረውን ማራቶን በጉዳት ተወ። ቪየና ላይ ግማሽ ማራቶን አሸነፈ፣ ማንቸስተር ላይ አሸነፈ፤ ይህን መካድ አይገባም። በመስከረም 2004 በርሊን ላይ፣ ያችው የሱ በርሊን፣ ኬንያዊው ፓትሪክ ማካው አልፎት ሄዶ ክብረ ወሰኑን ወሰደ፣ እሱ አቋረጠ። በ2004 ግንቦት ሄንግሎ ላይ ለለንደን ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሊበቃ ሮጦ 7ኛ ወጣ። ለንደን ቀረች። ግንቦት 2 ቀን 2007 ዓ.ም. ማንቸስተር ላይ በ42 ዓመቱ 16ኛ ሆኖ ገባና ከውድድር መሰናበቱን ተናገረ።

ያን ጊዜ እኔ አስተማሪ ሆኛለሁ። በማግስቱ ሰኞ በዚያው መንገድ፣ በሚኒባስ፣ ወደ ሥራ ሄድኩ። ታክሲው ውስጥ ማንም ምንም አላለም። ክፍል ገባሁ፤ አንድም ተማሪ አላነሳውም። እኔም አላነሳሁም። በ2003 "ሳይሰናበተን" ብለን የተቆጣን ሰዎች፣ በትክክል ሲሰናበተን ሥራ ላይ ነበርን።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። እሱ ከሲድኒ በኋላም ዐርፎ ነበር! የተረከዙን ጅማት ኦፕራሲዮን ተደርጎ ወራት ጠፋ፣ በ1993 ክረምት ኤድመንተን ላይ ሲመለስ 3ኛ ወጣ። ያኔ ማን አለቀሰ? ማንም። ለምን? "አቆምኩ" ስላላለ ነዋ። ዝም ብሎ ሲያርፍ ይቅር እንላለን። ቃሉን ሲያወጣው ነው የምንደነግጠው።

በቅርቡ ስለ አንድ ጃፓናዊ ሳነብ ገረመኝ። ዩዙሩ ሃኒዩ ይባላል፣ በበረዶ ላይ በጫማው እየተንሸራተተ የሚደንስ ስፖርተኛ ነው፤ በ2014 እና በ2018 እ.ኤ.አ. የክረምት ኦሊምፒክ ወርቅ ወስዷል። በሐምሌ 2014 በኛ አቆጣጠር ከእንግዲህ እንደማይወዳደር ተናገረ። ደጋፊዎቹ አለቀሱ፤ ግን በዓመቱ ብቻውን ትርዒት ሲያሳይ ትልቁን ቶኪዮ ዶም ሞልተው አዩት። ውድድር ቢቀር የሚታይ ነገር አለው። የኛ ሯጭ ግን ውድድር ካልኖረ የሚያሳየን ነገር የለም፤ እንጦጦ ዳገት ላይ ብቻውን ሲሮጥ ትኬት ቆርጦ የሚያይ ማን አለ? ደጋፊና ሯጭ የሚገናኙት ያቺ ሰዓት ላይ ብቻ ነው። እሷ ስትቀር ሰውየው ከነሕይወቱ የሚጠፋብን ለዚህ ይመስለኛል።

አሁን ለተማሪዬ የያዝኩት መልስ። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ባርሴሎና ላይ ወርቅ ከወሰደች በኋላ ጉልበቷን ታማ ሁለት ዓመት ያህል ጠፍታለች። "ደራርቱ አለቀላት" ተብሏል፤ በ1987 የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮን ሆና ተመለሰች። አትላንታ ላይ 4ኛ ሆነች። በ1990 ልጅ ወለደች፣ እንደገና "በቃ" ተባለ። ሲድኒ ላይ በ10 ሺህ ሁለተኛ ወርቋን ወሰደች። ጥቅምት 22 ቀን 2002 ደግሞ ኒውዮርክ ላይ ማራቶን አሸነፈች፤ ዕድሜዋ 37። ኃይሌ ልክ ከአንድ ዓመት በኋላ በዚያው ጎዳና ላይ የቆመበት ዕድሜ ነው።

ቀነኒሳ በቀለም አለ። ኃይሌ ባለቀሰባት ጥቅምት እሱ ራሱ የባት ጉዳት ይዞት ዓመቱን ሙሉ ቤቱ ነበር። በነሐሴ 2003 ዴጉ ላይ ሲመለስ 10 ሺውን አቋረጠ፣ እኛም ቀበርነው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ብራስልስ ላይ 26 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ሮጠ፤ የዓመቱ ፈጣን ሰዓት። በ2012 መስከረም በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ሲገባ ከዓለም ክብረ ወሰን የቀረው 2 ሰከንድ ነበር።

ጥሩነሽ ዲባባን ደግሞ ዛሬ ያሉት ልጆች ያስታውሷታል። ለመውለድ ብላ ከውድድር ራቀች፣ ልጇን በ2007 ወለደች፤ ነሐሴ 6 ቀን 2008 ሪዮ ላይ በአልማዝ አያና የዓለም ክብረ ወሰን ውድድር ውስጥ 3ኛ ወጣች። ያን ምሽት እኔ የነበርኩበት ቤት ውስጥ "ነሐስ?" ብሎ ፊቱን ያጨማደደ ሰው አይቻለሁ። ከወለደች ዓመት ከምናምኗ ነው እኮ! በዓመቱ ለንደን ላይ ማራቶን በ2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ ሮጣ 2ኛ፣ ቺካጎ ላይ ደግሞ 1ኛ ሆነች። ያ ፊቱን ያጨማደደው ሰውዬ ያን ጊዜ ምን እንዳለ አልጠየቅሁትም።

ሰኞ ዕለት ይህን ሁሉ በአጭሩ ለልጅቷ ነገርኳት። በትኩረት አዳመጠችኝ፣ የገብረእግዚአብሔርንም ስም ደብተሯ ጀርባ ላይ ጻፈች። ከዚያ "እሺ ቲቸር፣ እነሱ ኦሊምፒክ አሸንፈው ነው ያረፉት። እኔ ገና ምንም ሳላሸንፍ እኮ ነው" አለችኝ። ለዚህ ያዘጋጀሁት መልስ አልነበረኝም። እውነቷን ነው አልኳት።

ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ሳይሆን በካራ በኩል ስወርድ ልጆቹ ከጫካው እየወጡ አገኘኋቸው፣ ስምንት ይሆናሉ፣ እንፋሎት ከጀርባቸው ይነሳል። እሷ አስፋልቱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የሁሉንም ጃኬት ጉልበቷ ላይ ከምራለች፣ በእጇ ስልኳን ይዛ የእያንዳንዳቸውን ሰዓት እየጮኸች ትናገራለች። አንዲት እንጨት የተሸከሙ እናት ቆም ብለው "ምነው አንቺ ተቀመጥሽ?" አሏት።

"ተራዬ አልደረሰም እማማ" አለቻቸው፣ ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሳ።